ዳቪንቺ ሪዞልቭ ለሙዚቀኛ ጆሮ፦ ነጻውን ቨርዥን ስንፈትሸው

ሰሞኑን «የቪዲዮ ኤዲቲንግ በየትኛው ፕሮግራም ልጀምር?» የሚለኝ ሰው በዝቷል። የሚገርመው አብዛኞቹ ሙዚቀኞች ናቸው። ኪቦርድ የሚጫወት አለ፣ ድራም የሚመታ አለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይዞ ያደገ አለ። መልሴ አጭር ነው፤ ዳቪንቺ ሪዞልቭን አውርዱ፣ ነጻውን። ግን ለሙዚቀኛ የሚመችበትም የሚያበሳጭበትም ቦታ ስላለው እስቲ ዘርዘር ላድርገው።

እኔም የመጣሁት ከዚያው ሰፈር ነው። ሰርግ ላይ ኪቦርድ እጫወት ነበር፣ አሁን ሰርግና የሙዚቃ ክሊፕ ኤዲት አደርጋለሁ። ስለዚህ ፕሮግራሙን የምመዝነው በጆሮ ነው። ስለ ከለሩ የሚያወራ ሰው ሞልቷል፣ እሱን ለነሱ ትቻለሁ።

ዋጋውን ቶሎ እንጨርስ። ነጻው የምር ነጻ ነው። ከወር በኋላ «ክፈል» ብሎ አይዘጋባችሁም፣ የሚከፈልበትን ኤፌክት ካልነካችሁ በቀር ቪዲዮው ላይ ምልክት አይለጥፍም። እስከ 3840 በ2160፣ ማለትም ፎር ኬ የምንለውን፣ በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ነጠላ ሥዕል፣ ያወጣል። ለሰርግም ለዩትዩብም ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈልበት ስቱዲዮ የሚባለው 295 ዶላር ነው፤ አንዴ ከፈላችሁ አለቀ፣ በየወሩ የለም። እኛ አገር ደግሞ ችግሩ ዶላሩ ብቻ ሳይሆን የሚከፈልበት ካርድም ጭምር ነውና አብዛኛው ሰው ክራክ የተደረገ ሌላ ፕሮግራም ይጭናል፣ ከዚያ ቫይረስ ይገባበታል፣ ከዚያ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ ኮምፒውተሩ አልነሳም ይላል። ነጻ ሕጋዊ ነገር እያለ ለምን?

ሠሪው ብላክማጂክ ዲዛይን የሚባል የአውስትራሊያ ኩባንያ ነው። ዳቪንቺን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲገዛው ለፊልም ከለር ማስተካከያ ብቻ የሚያገለግል፣ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ውስጥ ብቻ የሚገኝ ውድ ዕቃ ነበር። ኤዲቲንጉ በኋላ የተጨመረ ነው። ለእኛ የሚጥመን ግን የድምፁ ታሪክ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ፌርላይት የሚባል የድምፅ ገጽ አለ። ስሙ ከሲድኒ የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የፌርላይት ሳምፕለር፣ ማለትም የተቀዳ ድምፅ የሚያጫውት ኪቦርድ፣ ስም ነው። በዘመኑ የቤት ዋጋ የሚያወጣ፣ ስም ያላቸው ሙዚቀኞች ብቻ የሚነኩት ዕቃ። ብላክማጂክ የፌርላይትን የድምፅ ቴክኖሎጂ በ2016 ገዛው፣ በዓመቱ ሪዞልቭ ውስጥ አስገባው። እና ዛሬ ያ ስም ነጻ በወረደ ፕሮግራም ታችኛው መስመር ላይ፣ አንዲት የሙዚቃ ኖታ ምልክት ያለበት ቁልፍ ሆኖ ተቀምጧል። ኪቦርዲስት የሆነ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሙዚቀኛ ኤዲቲንግ ሲጀምር መጀመሪያ የሚገጥመው ጉድ ቪዲዮ የራሱ ምት ያለው መሆኑ ነው። ሙዚቃ የፈለገበት ቦታ ላይ ይመታል። ቪዲዮ ግን በፍሬም ነው የሚሄደው፣ ግማሽ ፍሬም ላይ መቁረጥ የሚባል ነገር የለም። በደቂቃ 120 የሚመታ ዘፈን ውሰዱ። አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። ፕሮጀክቱ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ ምቱ በየ12 ፍሬሙ ቁጭ ይላል። 30 ከሆነ በየ15ቱ። በ25 ከሆነስ? አሥራ ሁለት ተኩል! አንዱ ምት ፍሬሙ ላይ ይወድቃል፣ ቀጣዩ በሁለት ፍሬሞች መሃል።

ታዲያ በ25 ለምን እንሠራለን? ምክንያቱም የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። አዳራሽ ውስጥ በ30 ስትቀርጹ አንዳንዱ አምፖል ይርገበገባል፣ በ25 ስትቀርጹ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ዓይን 25 ይላል፣ ጆሮ 24 ወይም 30 ይላል። ችክችካ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስድስት ስምንተኛ ነው፤ በአንድ ሜዠር ሁለት ትልልቅ ምት፣ እያንዳንዱ ለሦስት የተከፈለ። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ከሆነ ትንሹ ምት በ24 ልክ 4 ፍሬም፣ በ30 ልክ 5 ፍሬም ይሆናል። በ25 አራት ከምናምን ነው። ሜዠሩ ግን ድፍን አንድ ሰከንድ፣ ድፍን 25 ፍሬም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ነገር በ25 ስሠራ የሜዠሩን ራስ መያዝና መሃሉን አለመነካካት ነው። መሃል ላይ የግድ መቁረጥ ካለብኝ ደግሞ አንድ ፍሬም ቀድሜ እቆርጣለሁ። ዓይን ቀድሞ የመጣን ሥዕል ይቅር ይላል። ዘግይቶ የመጣው ግን ምት የሳተ ከበሮ መቺ ነው የሚመስለው፣ ሰውየው ለምን እንደደበረው ባያውቅም ይደብረዋል።

እዚህ ላይ ሪዞልቭ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ታይምላይኑ (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አንዴ ቪዲዮ ካስገባችሁ በኋላ የዚያን ታይምላይን ፍሬም ሬት፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሚሄድ፣ አያስቀይርም። ምርጫው ይደበዝዛል፣ በቃ። ሌላ አዲስ ታይምላይን ከፍቶ መጀመር ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመጎተታችሁ በፊት ሴቲንጉን ክፈቱ። ዘፈኑ ስንት እንደሚመታ ቁጠሩ። ሙዚቀኛ ይህን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልገውም።

ከጠባዮቹ ሁሉ የምወድለት ኤም ቁልፍን ነው። ዘፈኑ እየሄደ ኤምን ስትጫኑ ታይምላይኑ ላይ ማርከር፣ ማለትም ምልክት፣ ያስቀምጣል። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ሙዚቃ የተማረና ያልተማረ ኤዲተር የሚለያየው እዚሁ ላይ ነው። ሙዚቃ ያልነካ ሰው ምቱን ሰምቶ ይጫናል፤ ማርከሩ ሁልጊዜ ጥቂት ፍሬም ዘግይቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሲገፋ ይውላል። ከበሮ የመታ ሰው ሰምቶ አይጫንም፣ አብሮ ይመታል። ምቱ ከመምጣቱ በፊት እጁ መንገድ ላይ ነው። ማርከሮቹ ዌቭፎርሙ (የድምፁ ሞገድ ሥዕል) ጫፍ ላይ ሲያርፉ ማየት የሚያስደስት ነገር ነው።

አሁን አሁን ምቱን ራሱ ፈልጎ ማርከር የሚያስቀምጥ መሣሪያ በየፕሮግራሙ እየገባ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ በኮምፒውተር ለተሠራ ዘፈን ጥሩ ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል። ሰርግ ላይ በቀጥታ ለተጫወተ ባንድ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ሰው መሃል ሲገባና ጭፈራው ሲጋል ድራመሩ ሳያውቀው ይፈጥናል፣ ኪቦርዱ ይከተላል፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው በጣም ይለያል። ማሽኑ ምቱን ቢያገኝልኝ እንኳ የትኛው ምት ክብደት እንዳለው አይነግረኝም። እሱን በእጄ ብመታው ይሻለኛል።

ሌላው ደብልዩ ቁልፍ ነው። ዳይናሚክ ትሪም ይሉታል። አንድ ከት፣ ማለትም ሁለት ሾት የሚገናኙበትን ቦታ፣ መርጣችሁ ደብልዩን ከተጫናችሁ በኋላ በጄ፣ ኬ እና ኤል ቁልፎች ቪዲዮው እየተጫወተ ከቱን መግፋትና መሳብ ትችላላችሁ። ኬ ስትሉ ይቆማል፣ ከቱም እዚያው ይሆናል። ማለትም የምትቆርጡት እየሰማችሁ ነው፣ ቁጥር እያያችሁ አይደለም። የስላሽ ቁልፏን ስትነኩ ደግሞ ከቱ አካባቢ ያለውን መልሶ ያጫውትላችኋል። በአይጥ እየጎተተ የሚቆርጥ ሰው ሥዕል ነው የሚቆርጠው። በዚህኛው መንገድ የሚቆርጥ ሰው ግን ሳያውቀው በትንፋሽ ነው የሚቆርጠው። ለዚህች ነገር ብቻ ፕሮግራሙን ልመክረው እችላለሁ።

ግን ጆሮ ያለው ኤዲተር የራሱ በሽታ አለው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ በሽታውን ያባብሳል። ማርከሮቹ ተደርድረው ስታዩ በየማርከሩ መቁረጥ ያምራችኋል። ክሊፑ እንደ መትረየስ ይሆናል። እስክስታን አስቡ። ምቱ ትከሻው ላይ ነው ያለው። ትከሻው ራሱ ከበሮ እየመታላችሁ እያለ በየምቱ ሥዕል ከቀያየራችሁ ትከሻውን ማን ያየዋል? ሁለት ምት በአንድ ላይ መጡና ተጣሉ ማለት ነው። የጨፋሪዋን አንገትና ትከሻ ቢያንስ አንድ ስንኝ ሙሉ አቆዩት። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ፣ ወይም አዝማቹ ሲመለስ ቁረጡ። ባንድ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ ሁሉም መሣሪያ ሁልጊዜ አይጫወትም። ሳክስፎኑ ሲገባ ኪቦርዱ ዝም ይላል። እዚህም ሥዕሉ ሲጨፍር ከቱ ዝም ማለት አለበት።

በዚህ ረገድ ማኅሌት ቆሞ ያደገ ሰው ከሁላችንም በላይ ዕድለኛ ይመስለኛል። ቁም ዜማው በድምፅ ብቻ ይጀመራል። ዝማሜው ላይ መቋሚያው ይንቀሳቀሳል። መረግዱ ላይ ከበሮና ጸናጽሉ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ጽፋት ላይ ይፈጥናል። ያንን ሌሊቱን ሙሉ ሲሰማ ያደገ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ስትሰጡት ከመጀመሪያው ደቂቃ ድሮን፣ ስሎሞሽንና ፈጣን ከት አንድ ላይ አይረጭም። የሚያስቀረው ነገር አለው።

ውጭ ያሉትን ስታዩም ነገሩ ያው ነው። «ዊፕላሽ» የተባለውን የድራመር ፊልም የሠራው ዴሚየን ሻዜል ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እያለ በጃዝ ባንድ ውስጥ ድራም ይመታ ነበር፤ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ ኤዲተሩ ቶም ክሮስ ኦስካር ወሰደበት። ሰው ስለዚያ ፊልም ሲያወራ ፍጥነቱን ነው የሚያነሳው። እኔን የሚገርመኝ ግን የመጨረሻው ትርዒት ላይ ድራሙ ቀስ እያለ እስኪቆም ሊደርስ ሲል ነው፤ ከቱም አብሮት ይረጋል፣ ፊቶቹ ላይ ይቆያል፣ ከዚያ ድራሙ እንደገና መፍጠን ሲጀምር አብሮ ይነሳል። ያንን ያለ ድራም ልምድ ማሰብ የሚቻል አይመስለኝም። ሌላኛው የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኒው ዮርክ ውስጥ ባንድ ነበረው፣ ኪቦርድ ይጫወታል። በ1984 ያወጣው ፊልም ውስጥ እያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ሾት ነው፣ ከዚያ ጥቁር፣ ከዚያ ቀጣዩ። ጥቁሩ እንደ ሙዚቃ ዕረፍት ርዝመት አለው። እና ይኼው ሰውዬ ነው በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» ላይ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ መኪና ውስጥ የከፈተው። ፊልሙ ውስጥ ቢል መሬይ ለሚጫወተው ሰውዬ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ለጉዞው ሲዲ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፣ ሰውየው መንገዱን ሁሉ እሱን እየሰማ ይሄዳል። ብዙ የሚሆን ነገር የለም፤ መንገድ፣ መስታወት፣ የቢል መሬይ ፊት። አንድ የቸኮለ ኤዲተር ያንን በሦስት ሾት ይጨርሰው ነበር። ጃርሙሽ ግን ዜማው መንገዱን እንዲነዳው ይተወዋል።

የሙዚቃ ትምህርት ከሁሉ የሚጠቅመው ሙዚቃ በሌለበት ቦታ ነው ብል ትስቁ ይሆናል። ግን የምሬን ነው። የሽማግሌ ምርቃትን ውሰዱ። አባባ ተነስተው «ውለዱ ክበዱ» ይላሉ፣ ሰው «አሜን» ይላል። ቀጣዩን ይላሉ፣ «አሜን»። ብዙ ኤዲተር ቪዲዮው እንዳይረዝም ብሎ አሜኑን ቆርጦ ምርቃቱን ብቻ ያያይዘዋል። ውጤቱ ስታዩት አባባ ዜና አንባቢ ይመስላሉ! አሜኑ እኮ የተቀባዩ ድምፅ ነው። አዝማሪ ቤት «ተቀበል» ተብሎ ተቀባይ ቢጠፋ ምን ይሆናል? ማሳጠር ካለባችሁ ሁለት ምርቃት ሙሉ ለሙሉ ከነአሜናቸው አውጡ፣ የቀሩትን አትንኩ። ሥዕሉን ደግሞ አባባ ላይ አታስቀሩት። አሜኑ ከመምጣቱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ወደ ሙሽራዋ እናት ሂዱ፣ ከንፈራቸው ሲከፈት አሜኑ ይድረስ። ድምፁን ከሥዕሉ ማስቀደምም ማዘግየትም ሪዞልቭ ላይ ቀላል ነው፤ አልት ቁልፉን ይዛችሁ የሥዕሉን ወይም የድምፁን ጫፍ ለብቻው መጎተት ነው።

ሌላም አለ። አማርኛ ተናጋሪ ነገሩን የሚያሳርፈው መጨረሻ ላይ ነው። «እኔ እሱን ልጅ፣ በዚያን ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ...» ብሎ ቆሞ፣ መታው ይሁን ሳመው እስኪናገር ድረስ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከእንግሊዝኛ ቲቶሪያል የተማረ ልጅ እዚያ መሃል ላይ የሰሚውን ፊት ይሰካል። ገና ምን ሰምቶ ነው የሚደነግጠው? ጆሮ ያለው ኤዲተር ዜማው ገና እንዳላረፈ ስለሚሰማው እጁ ራሱ አይሄድለትም።

ድምፁን በደቃቁ ለመሥራት ፌርላይት ገጽ ይሻላል። ኤዲት ገጽ ላይ ስትሠሩ ሐሳባችሁ ሁሉ በፍሬም ነው፣ ፌርላይት ግን እስከ ሳምፕል፣ ማለትም እስከ ትንሿ የድምፅ ቁራጭ፣ ድረስ ያወርዳችኋል። በ25 ፍሬምና በ48,000 ኸርዝ ስትሠሩ አንድ ፍሬም ውስጥ 1,920 ሳምፕል አለ። ሥዕሉን ማንቀሳቀስ ያልቻላችሁበትን ያንን ግማሽ ፍሬም ሙዚቃውን በማንቀሳቀስ ታስታርቁታላችሁ። ለጭብጨባ፣ ለብርጭቆ ግጭት፣ ለበር ድምፅ በጣም ይጠቅማል። እና እባካችሁ በብሉቱዝ ማዳመጫ አትሥሩ። ድምፁ ዘግይቶ ነው ጆሯችሁ የሚደርሰው፣ ከቱ ልክ ሆኖ ሳለ የተሳሳተ ይመስላችኋል። ርካሽ የገመድ ማዳመጫ ከውድ ብሉቱዝ ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ስሞታዬ። ኤዲት ገጹ ላይ ያለው ማስመሪያ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ሰከንድና ፍሬም ነው የሚያነበው። ሜዠርና ምት የሚያሳይ መስመር ከሙዚቃ ፕሮግራም የለመደ ሰው እዚህ እጁን እንደታሰረ ይሰማዋል። ማርከር በከለር እየለዩ መሄድ ነው ያለው አማራጭ፤ እኔ የስንኙን መጀመሪያ በቀይ፣ አዝማቹን በአረንጓዴ አደርጋለሁ። ገጾቹም ይበዛሉ፣ አዲስ ሰው ይደነግጣል። ኤዲት፣ ፌርላይትና ዴሊቨር (ያለቀው ቪዲዮ የሚወጣበት) ይበቋችኋል፣ ሌላውን ስትደርሱበት።

ትልቁ ችግር ግን ኮምፒውተር ነው። ፕሮግራሙ ግራፊክስ ካርድ ይበላል። ከመርካቶ ወይ ከመገናኛ የተገዛ የቢሮ ላፕቶፕ ላይ ይከፈት ይሆናል፣ ግን ቪዲዮው ይንቀራፈፋል። ለሌላ ሰው ይህ መንቀራፈፍ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ በምት ለሚቆርጥ ሰው ግን ሥራው ቆመ ማለት ነው፣ ሥዕሉ እየዘለለ ምት መስማት ስለማይቻል። ራም 16 ጊጋ ይኑራችሁ፣ ለብቻው ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ ይኑራችሁ። አቅም ከሌለ ከመጀመራችሁ በፊት ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ቀለል ያለ የክሊፖቹ ቅጂ፣ አሠሩ፤ ክሊፖቹን መርጣችሁ በቀኝ ክሊክ ፕሮክሲ ፍጠር ብላችሁ ቡና ጠጥታችሁ መምጣት ነው። በፕሮክሲ ስትሠሩ አሮጌ ላፕቶፕም ቢሆን ይተነፍሳል።

ስቱዲዮውን ልግዛ ወይ ለምትሉኝ፣ ለምት ብላችሁ አትግዙ። ከላይ ያወራሁት ኤሙም፣ ደብልዩውም፣ የፌርላይቱ ሳምፕልም ነጻው ውስጥ አለ። መግዛት የሚያዋጣው የተበላሸ ድምፅ በብዛት ለሚመጣለት ሰው ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የሰውን ድምፅ ከጫጫታ የሚለይ መሣሪያ አለ፣ ነጻው ላይ የለም። ሥራችሁ በየሳምንቱ ጄነሬተር አጠገብ የተቀዳ ምርቃት ከሆነ ያኔ 295 ዶላሩን አስቡበት፣ ውጭ ያለ ዘመድም ካለ በካርዱ እንዲከፍልላችሁ ለምኑት።